ለጥቂት ስለ ቀሩ ሰዎች

ሰዎች ስለ አሸናፊና ስለ ተሸናፊ ብዙ ይናገራሉ፤ ብዙም ይጽፋሉ። አሸናፊው ይዘፈንለታል፤ ተሸናፊውም ቢሆን የሚያዝንለት አያጣም። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፥ ከደጃፉ ደርሶ እጁን በመዝጊያው ላይ ካሳረፈ በኋላ ሳይገባ የቀረ ሰው አለ። ይህ ሰው አልተሸነፈም፤ ወደ ውድድሩ አልገባምና። አላሸነፈምም። ስለ እርሱ የምንናገረው አንድ አጭር ቃል ብቻ ነው፤ «ለጥቂት ቀረ» እንላለን፤ ወዲያውም ወደ ሌላ ወሬ እናልፋለን። እኔ ግን በዚህ ቃል ላይ ጥቂት ልቆም እወዳለሁ። እንዲህ ላለው ሰው ከእኛ ዘንድ ምን ይገባዋል? እርሱስ ስለ ራሱ ምን ሊያስብ ይገባዋል?

ምሳሌዬን የምወስደው ከእግር ኳስ ነው። ስለ ቁም ነገር የሚጽፍ ሰው ኳስ ማንሣት አይገባውም የሚሉ እኩዮች አሉኝ፤ ይበሉ። ኳስ ለዚህ ጥያቄ የሚስማማበት ምክንያት አለው። በሌላው ሥራ ማን ተመረጠ፥ ማን ቀረ የሚለው ነገር በጓዳ ያልቃል፤ በኳስ ግን የተመረጡት ሰዎች ስም በአደባባይ ይነበባል፤ እያንዳንዱም ለአገሩ ስንት ጊዜ እንደ ተሰለፈ በቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ባዶ ከሆነ ባዶ ነው፤ ማንም ሊያሳምረው አይችልም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ነገሩ በብዛት የተፈጸመው በእነርሱ አገር ነውና።

ስቲቭ ብሩስ የሚባል እንግሊዛዊ ተከላካይ ነበረ። በልጅነቱ ብዙ ክለቦች አይተው አልፈለጉትም፤ በመርከብ መሥሪያ ቦታ ገብቶ የቧንቧ ሥራ ሊማር ሲል ጊሊንግሃም የሚባል ትንሽ ክለብ ወሰደው። ከዚያ ወደ ኖርዊች ሄደ፤ በ1987 ደግሞ ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። ይህ ታላቅ ክለብ በዚያን ጊዜ የአገሩን ሊግ ካሸነፈ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር። በአፕሪል 1993 ከሼፊልድ ዌንስደይ ጋር ሲጫወቱ አንድ ለባዶ ተመሩ፤ ተመልካቹ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ብሩስ በግንባሩ ገጭቶ አንድ ግብ አገባ፤ መደበኛው ጊዜ ካለቀ በኋላ በተጨመረው ደቂቃ ደግሞ በግንባሩ ሁለተኛውን ደገመ። በሚቀጥለው ወር የሊጉ ዋንጫ ከ26 ዓመት በኋላ ወደ ክለቡ ተመለሰ። በ1994ና በ1996ም እንደ ገና ወሰዱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ብሩስ ለእንግሊዝ ዋና ቡድን አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተጫወተም። በ1987 ለሁለተኛው ቡድን አምበል ሆኖ ተሰልፎአል፤ ከዚያ ወዲያ አልሄደም። አጠገቡ የሚቆመው ጋሪ ፓሊስተር ግን ለእንግሊዝ 22 ጊዜ ተጫውቶአል። በየሳምንቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አንዱን አጥቂ አብረው የሚይዙ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ለአንዱ ሃያ ሁለት፥ ለሌላው ባዶ።

እንዲህ ያለውን ነገር ስንሰማ ፈጥኖ ወደ አፋችን የሚመጣ ማጽናኛ አለ። «የሰው ዋጋ በማሊያ አይለካም፤ ዋናው ነገር በውስጡ ያለው ችሎታ ነው» እንላለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ግን ርካሽ ነው። ርካሽ የሚያደርገውም ተናጋሪው ከራሱ ምንም የማያወጣበት መሆኑ ነው። የአገርን ማሊያ መልበስ ሊመኙት የሚገባ ነገር ነው። ሰው በክለቡ ሲጫወት ለደመወዙና ለከተማው ይጫወታል፤ ለአገሩ ሲጫወት ግን አይቷቸው በማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ፈንታ ይቆማል። ይህን ተመኝቶ ያላገኘውን ሰው «ምንም አልቀረብህም» ብንለው፥ ምኞቱ የሞኝ ምኞት ነበረ ብለን ሰደብነው እንጂ አላጽናናነውም። በተረቱ ከወይኑ ዘለላ መድረስ ያቃታት ቀበሮ ፍሬውን ጐምዛዛ ነው አለች፤ እኛ ደግሞ በሌላው ሰው ፈንታ ወይኑን እንሰድባለን። ቀበሮዋ እንኳ ዘልላ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ቦታው አሥራ አንድ ብቻ ነው። አሥራ ሁለተኛው ሰው ከአሥራ አንደኛው የሚያንሰው አንዳንድ ጊዜ የፀጉር ስፋት ያህል ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ከቶ አያንስም፤ የመራጩ ዓይን ወደዚያኛው አዘንብሎ ነው። ጣሊያናዊው ዳርዮ ሁብነር በአገሩ ከፍተኛ ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1997 በሠላሳ ዓመቱ ነው። ያን ቀን የሚላኖን ስታዲየም የሞላው ሕዝብ የመጣው ብራዚላዊውን ሮናልዶን በኢንተር ማሊያ ለማየት ነበር፤ አስቀድሞ ግብ ያገባው ግን ለብሬሺያ የተሰለፈው ሁብነር ሆነ። በ2002፥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላው፥ ፒያቼንሳ ለሚባል ትንሽ ክለብ 24 ግብ አግብቶ ከፈረንሳዊው ከትሬዜጌ ጋር እኩል የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ ተባለ። በዚያው ክረምት ጣሊያን ወደ ዓለም ዋንጫ ስትሄድ ቪዬሪን፥ ኢንዛጊን፥ ዴል ፒዬሮንና ቶቲን ይዛ ሄደች፤ ሁብነር ቀረ። አሠልጣኙን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም፤ እነዚህን ሁሉ ይዞ ለሌላ ሰው ቦታ ከየት ያመጣል? የስፔኑ ሚኬል አርቴታም እንዲሁ ነው። ሻቪና ኢኒዬስታ፥ ሻቢ አሎንሶና ፋብሬጋስ በአንድ ዘመን በተወለዱበት አገር የመሐል ሜዳ ተጫዋች ሆነ። በ2010 ለሚኖርባት ለእንግሊዝ ይጫወት ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን በልጅነቱ ለስፔን ወጣቶች ቡድን ሲሰለፍ የእንግሊዝ ዜግነት ስላልነበረው የፊፋ ደንብ ከለከለው። ከዚህም ከዚያም ሳይሆን ቀረ። በእነዚህ ሰዎች ላይ የተፈጸመ በደል የለም። ጥበቱ የቦታው ነው።

በእኛ አገር ለእንዲህ ያለው ነገር ሁሉ አንድ መልስ አለን፤ «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ ዕድሉ ተጽፎለታል፥ የተጻፈውም አይፋቅም ማለት ነው። እናቶቻችን በዚህ ቃል እየተደገፉ ብዙ ኀዘን ተሸክመዋልና እኔ አልንቀውም። ነገር ግን ይህ ቃል ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮችን በአንድ ጋቢ ጠቅልሎ ያስተኛል። ጋቢውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህም በአንድ ክለብ ጣሪያ ሥር የነበሩ ሁለት ሰዎችን ላንሣ።

የመጀመሪያው ቢሊ ቦንድስ ነው። በምሥራቅ ለንደን ባለው በዌስት ሃም ክለብ ከ1967 ጀምሮ ከ790 ጊዜ በላይ ተሰልፎአል፤ ለዚያ ክለብ ከእርሱ የበለጠ የተጫወተ የለም። በ1975ና በ1980 የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ አምበል ሆኖ ተቀበለ። በኖቬምበር 1977 እንግሊዝ ከጣሊያን ጋር ስትጫወት ተጠባባቂ ሆኖ በዌምብሌይ ከሜዳው ዳር ተቀመጠ፤ እንግሊዝ ሁለት ለባዶ አሸነፈች፤ ቦንድስ ግን ሳይጠራ ጨዋታው አለቀ። በ1981፥ በሠላሳ አራት ዓመቱ፥ እንደ ገና ተመረጠ፤ ጨዋታውም ከብራዚል ጋር ነበር። ከዚያ አስቀድሞ ግን ከክለቡ ጋር የሚጫወተው የሊግ ጨዋታ ነበረበት። በዚያ ጨዋታ ከገዛ ቡድኑ በረኛ ከፊል ፓርክስ ጋር ተጋጭቶ የጐድን አጥንቱ ተሰነጠቀ። ብራዚሎች መጥተው ተጫውተው ሄዱ።

ሁለተኛው ጃክ ሌስሊ ነው። በ1901 በለንደን ተወለደ፤ አባቱ ከጃማይካ የመጣ ጥቁር ሰው፥ እናቱ እንግሊዛዊት ነበሩ። ፕሊመዝ አርጋይል ለሚባለው ክለብ 400 ጊዜ ያህል ተሰልፎ 137 ግብ አግብቶአል። በኦክቶበር 1925 የክለቡ ኀላፊ ጠርቶ ለእንግሊዝ ተመርጠሃል አለው፤ ከአየርላንድ ጋር በቤልፋስት ለሚደረገው ጨዋታ ስሙ በጋዜጣ ወጣ። በዚያ ዘመን ቡድኑን የሚመርጠው አንድ አሠልጣኝ ሳይሆን የፌዴሬሽኑ ኮሚቴ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶ ቡድኑ ሲታወቅ የሌስሊ ስም ከውስጡ ጠፋ። ምክንያቱን የጻፈ የለም፤ እንዲህ ያለ ምክንያት አይጻፍምና። ሌስሊ በሽምግልናው ተጠይቆ ሲናገር፥ ሊያዩት የመጡት ሰዎች የተመለከቱት ጨዋታውን ሳይሆን ፊቱን እንደ ነበር ገልጧል። ከዚያ በኋላ የጠራው የለም። ጥቁር ተጫዋች በእንግሊዝ ዋና ቡድን ውስጥ የታየው በኖቬምበር 1978 ነው፤ እርሱም ቪቭ አንደርሰን ነው። ሌስሊ በዚያን ጊዜ የሰባ ሰባት ዓመት ሽማግሌ ነበር።

ይህ ሰው ዓይኑ ተጐድቶ ኳስ ካቆመ በኋላ ወደ ብረት ሥራው ተመለሰ። ካረጀ በኋላ፥ በ1960ዎቹ፥ ዌስት ሃም ገብቶ የተጫዋቾችን ታኬታ የሚያጸዳ ሠራተኛ ሆነ። በ1966 የዓለም ዋንጫን ያሸነፉት ቦቢ ሙር፥ ጄፍ ኸርስትና ማርቲን ፒተርስ ጫማቸውን የሚጠርግላቸው እርሱ ነበር። ቦንድስም ወደዚያው ክለብ መጣ። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ፥ ጭቃውን የሚያራግፍላቸው ይህ ሽማግሌ በዘመኑ ምን ዓይነት ተጫዋች እንደ ነበረ አያውቁም ነበር።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ ሁለቱን አስተያያቸው። ሁለቱም ተመርጠው ነበር፤ ሁለቱም ሳይጫወቱ ቀሩ። መዝገቡን የሚገልጥ ሰው በሁለቱም ስም አንጻር ያው ባዶ ቁጥር ያገኛል። ነገር ግን የቦንድስን በር የዘጋው ግጭት ነው፤ ማንም አልመከረበትም፥ ማንም አልጠቀመበትም። የሌስሊን በር የዘጉት ግን ወንበር ስበው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ይህንንም የአርባ ቀን ዕድል ብለን ከጠራነው፥ ሰው በእጁ የሠራውን ወስደን በፈጣሪ ላይ አላከክን ማለት ነው። ዕድል የሚለው ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት «በሩን የዘጋው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በዚህ ነገር አንድ የሚያስቀይመኝ ልማድ አለ። ስለ ሌስሊ የሚናገሩ አንዳንድ ሰዎች ትዕግሥቱን፥ ትሕትናውን፥ ሳያጉረመርም ጫማ መጥረጉን እያነሡ ያመሰግናሉ። ምስጋናው አይነቀፍም፤ እውነትም ትሑት ሰው ነበር ይባላል። ነገር ግን በዳዩን ትቶ የተበዳዩን ትዕግሥት ብቻ ማመስገን ለበዳዩ ደስ የሚያሰኝ ዘፈን ነው። ጸጥ ያለ ተበዳይ ለሁሉም ይመቻል።

በኦክቶበር 2022 በፕሊመዝ ለሌስሊ ሐውልት ቆመለት። በእንግሊዝ ለብሔራዊ ቡድን የተጫወተ ሰው ለክብሩ ኮፍያ ይሰጠዋል፤ በማርች 2023 የእንግሊዝ ፌዴሬሽን በስሙ ኮፍያ አሠርቶ በዌምብሌይ ለቤተሰቡ ሰጠ። ከተመረጠ ወደ 98 ዓመት ሆኖታል፤ ከሞተ ደግሞ ወደ 35። ለሞተ ሰው ኮፍያ ምን ያደርግለታል? ለእርሱስ ምንም አያደርግለትም፤ የቀረችው የቤልፋስት ጨዋታ አትመለስም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ነገር ግን መዝገቡ ሐሰት ነበረ፤ «ያልተመረጠ ሰው» ይል ነበር። ሐሰት የጻፈ ሰው መቶ ዓመትም ቢያልፍ የጻፈውን ማረም አለበት። ኮፍያው ለሌስሊ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን ፌዴሬሽኑ በራሱ መዝገብ ላይ ያደረገው እርማት ነው ባይ ነኝ።

«ታዲያ ለቦንድስስ ለምን አይሰጠውም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር አይገባውም እለዋለሁ፤ ጭካኔ አይደለም። በቦንድስ ላይ የተጻፈ ሐሰት የለም። ኮፍያ ብንሰጠው አዲስ ሐሰት እንጽፍለታለን። ለእርሱ የሚገባው መታወስ ነው፤ ክለቡም በ2019 በስታዲየሙ ካሉት የተመልካች ወገኖች አንዱን በስሙ ጠራለት። ለተበደለ ፍርድ፥ ላልቀናው መታሰቢያ፤ ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ሁለቱንም ያረክሳል።

በ1966 የዓለም ዋንጫ ሜዳሊያ ያገኙት በመጨረሻው ጨዋታ የተሰለፉት አሥራ አንዱ ብቻ ነበሩ። እግሩ ተጐድቶ ቦታውን ለኸርስት የለቀቀው ጂሚ ግሪቭስና ሌሎቹ ሜዳሊያቸውን የተቀበሉት በ2009 ነው። ይህን ትክክል ነው እላለሁ፤ በሥራው ውስጥ ነበሩና። በ1996 ደግሞ ማንቸስተር ዩናይትድ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ሲያሸንፍ ያ ያነሣሁት ብሩስ አልተሰለፈም ነበር። በእርሱ ፈንታ አምበል የሆነው ካንቶና ዋንጫውን እርሱ እንዲቀበል ቢለምነው እምቢ አለ። ሃያ ሁለት ጊዜ ሊሰጠው ሲገባ አንድም ያልተሰጠው ሰው፥ ያልተጫወተበትን ሲሰጡት አልወስድም አለ።

አንድ ሰው ሳይሆን አንድ ትውልድ በር የተዘጋበት ጊዜም አለ፤ ይህ ታሪክ የእኛንም አገር ይነካል። በ1957 የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ ሊወዳደሩ የተሰናዱት ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጩንና ጥቁሩን በአንድ ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። ከእርሷ ጋር ልትጫወት የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ አራት ለባዶ ተሸነፈች። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ በዚህ ጉዳይ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለሳለሱም። በዚያ ዘመን ስንት የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው ማሊያውን ሳያይ ያረጀው! አልበርት ጆሀንሰን በ1965 በእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ፍጻሜ ለሊድስ ተሰልፎ ዌምብሌይን ረግጧል፤ በገዛ አገሩ ቡድን ውስጥ ግን ቦታ አልነበረውም። የደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድነት የተሰለፉበት ብሔራዊ ቡድን ወደ ዓለም አደባባይ የተመለሰው በጁላይ 1992 በደርባን ከካሜሩን ጋር ሲጫወት ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቆሞ «ለጥቂት ቀራችሁ» የሚል አንደበት አይገኝም። እነርሱ ለጥቂት አልቀሩም፤ ተከለከሉ እንጂ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቀረው ሰው ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እርሱ ነው። ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት የቡድኑ ዝርዝር በሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ልጆቹን እመለከት ነበር። መመረጡን የሚያውቅ ልጅ ከላይ ጀምሮ ያነባል፤ ለእርሱ ዝርዝሩ ወሬ ነው። የሚጠራጠረው ልጅ ግን ከታች ወደ ላይ ያነባል፤ ስሙን ከፍ ብሎ መፈለግ ያፍራል። አሥራ አንደኛውን አንብቦ፥ አሥረኛውን አንብቦ፥ እየቀዘቀዘ ይወጣል። ከሰሌዳው ዘወር ሲል የሚያሳየውን ፊት ያየ ሰው ለዚህ ልጅ ፍልስፍና አያወራለትም። እኔ ራሴ በተማርሁበት በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ያልተሰለፈው ልጅ በጨዋታው ዋዜማ የሜዳውን መስመር በኖራ እንዲያሰምር ይታዘዝ ነበር። ቅጣት ነው ብለው የሚያለቅሱበት ነበሩ፤ ገመድ ዘርግተው አንዲት መስመር እንዳትጣመም እየተንበረከኩ የሚያሰምሩም ነበሩ።

ለቀረ ሰው ትልቁ አደጋ መቅረቱ አይደለም፤ «ለጥቂት» የምትለውን ቃል ቤት አድርጎ መኖሩ ነው። በማውቃት በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ፥ በወጣትነቱ ለጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ሊመረጥ ሲል መኪናው ጥሎት እንደ ሄደ የሚያወራ ሰው ነበረ። ጠላ ቤት ሲገባ ያወራዋል፤ ለቅሶ ቤትም ያወራዋል፤ ልጆቹም ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል። በአርባ ዓመት ውስጥ ከዚያች መኪና አልወረደም ማለት ይቻላል፤ ተሳፍሮባት አያውቅም እንጂ። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ደግ ሰው ነበር፤ እጀ ብልህ አናጺም ነበር፤ ስለ አናጺነቱ ግን አንድ ቀን ሲናገር አልሰማሁትም።

ይህን የምለው ቅሬታ ሁሉ ይዋጥ ለማለት አይደለም። የተበደለ ሰው በደሉን ይናገር፤ ሌስሊም በተጠየቀ ጊዜ ተናግሯል፤ ባይናገር ኖሮ ያ የሐሰት መዝገብ ዛሬም እንዳለ ይኖር ነበር። ያልቀናው ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። እርሱ የሚከሰው ሰው የለውምና ክሱን ሲያዞር ሲያዞር በመጨረሻ ወደ ራሱ ወይም ወደ ቤቱ ሰዎች ይመልሰዋል። እኔ በዕድሜዬ ያየኋቸው የከፉ አባቶች ብዙዎቹ ክፉ ሆነው የተፈጠሩ አልነበሩም፤ ለጥቂት የቀሩ ነበሩ።

ቦንድስ በ1981 የጐድን አጥንቱ ሲሰነጠቅ ሠላሳ አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ተጫዋች ታኬታውን ይሰቅላል። ወደ ብሔራዊ ቡድን የሚጠራው እንደማይኖር እርሱም ሳያውቅ አልቀረም። አጥንቱ ሲጠገን ወደ ዌስት ሃም ሜዳ ተመለሰ፤ ሰባት ዓመትም ተጫወተ። በ1988 ጨዋታ ሲያቆም አርባ አንድ ዓመቱ ነበር።